በነጻ የሚገባበት በር፦ የለንደን ቤተ መዘክሮችና መናፈሻዎች ለሕዝብ እንዴት ተከፈቱ?

ለንደን ለድሃ የማትመች ውድ ከተማ ናት። የቤት ኪራይዋ፣ የባቡርዋ ዋጋ፣ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የተለጠፈው ሒሳብ እንግዳውን ያስደነግጠዋል። ያም ሆኖ በኪሱ አንድ ሳንቲም የሌለው ሰው በዚያች ከተማ ከጠዋት እስከ ማታ የመኳንንት ልጅ መስሎ ሊውል ይችላል። ማለዳ የግብፅን የድንጋይ ሐውልቶችና የአሦርን ክንፋም በሬዎች ይመለከታል፤ ቀትር ላይ የቫን ጎግን የሱፍ አበባዎች ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሃይድ ፓርክ ሣር ላይ ጋደም ብሎ ያርፋል። በየበሩ የቆመው ዘበኛ ቦርሳውን ይፈትሽ እንደሆነ እንጂ የመግቢያ ገንዘብ አይጠይቀውም። እንግዳው ይህን የከተማይቱ ቸርነት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። የእነዚህ በሮች ታሪክ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱን በር ገዢዎች በፍርሃት ከፍተውታል፤ አንዳንዱን ሕዝብ በትከሻው ገፍቶ ጥሎታል፤ አንዳንዱም ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ ተዘግቶ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ ሐኪሙ ሰር ሃንስ ስሎን ነው። ስሎን በ1753 በ92 ዓመቱ ሲሞት ሰባ አንድ ሺሕ ያህል ዕቃ፣ መጽሐፍ፣ የደረቀ ዕፅና ሜዳልያ ትቶ ሄደ። ይህን ሁሉ ያከማቸበት ሀብት ከሕክምና ሙያው ብቻ የተገኘ አልነበረም። ሚስቱ በጃማይካ ከነበሩት የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የምታገኘው ገቢ፣ ማለትም የአፍሪካውያን ባሮች ላብ፣ ታክሎበታል። በኑዛዜው መሠረት የብሪታንያ ፓርላማ ለወራሾቹ ሃያ ሺሕ ፓውንድ ከፍሎ ስብስቡን ተረከበ፤ ገንዘቡም የተገኘው ከሎተሪ ነበር። ማጭበርበር የበዛበት ሎተሪ ነበርና የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ሕዝባዊ ቤተ መዘክር በቁማር ተሠራ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ብሪቲሽ ሙዚየም ጃንዋሪ 15 ቀን 1759 ሲከፈት ደንቡ ለማወቅ ለሚጓጉና ለሚመራመሩ ሁሉ በነጻ ይግቡ ይላል።

በነጻ ይግቡ ማለት ግን ሁሉም ይግባ ማለት አልነበረም። ጎብኚው አስቀድሞ ስሙን፣ ማዕረጉንና አድራሻውን ጽፎ ለበረኛው ይሰጣል፤ ማን እንደሆነ ይታያል፤ ተገቢ ሰው ሆኖ ከተገኘ ሌላ ቀን ተመልሶ የመግቢያ ወረቀቱን ይወስዳል፤ ከዚያ ደግሞ የተቀጠረበትን ቀን ይጠብቃል። የዕለት እንጀራውን በዕለት ላቡ የሚያገኝ ወዛደር ለዚህ ሁሉ ምልልስ ጊዜ ከየት ያመጣል? የበርሚንግሃሙ መጽሐፍ ነጋዴ ዊልያም ሃተን በ1784 የደረሰበትን ጽፎ ትቶልናል። በነጻ የሚታደለውን ወረቀት ካገኘው ሰው ላይ ወደ ሁለት ሽልንግ በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ከጥቂት ሰዎች ጋር ተሰልፎ ገባ፤ አስጎብኚው ከክፍል ወደ ክፍል አጣደፋቸው፤ ስለ ዕቃዎቹ ቢጠይቅ የሚያስረዳው አጣ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም አልፎ ምንም ሳይማር ወጣ። ይህ የወረቀት ሥርዓት ቀርቶ ሕዝቡ እንደ ልብ መግባት የቻለው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው።

ገዢው መደብ ሕዝቡን ለመፍራት ምክንያት እንዳለው ያምን ነበር። ኤፕሪል 10 ቀን 1848 ቻርቲስቶች የድምፅ መብት ለመጠየቅ በለንደን ታላቅ ሰልፍ ሲጠሩ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም እንደ ምሽግ ታጠረ፤ ወታደሮች ገቡበት፤ ሠራተኞቹም ልዩ ፖሊስ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሰልፈኞቹ ግን ወደ ሙዚየሙ ዝር አላሉም፤ ፍላጎታቸውም ሌላ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል፦ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በር፣ የማንበቢያ ፈቃድ ይዞ፣ ሁካታ ሳያሰማ የገባ አንድ ስደተኛ ጀርመናዊ ነበር፤ ካርል ማርክስ። በ1857 ሠፊው ክብ የንባብ አዳራሽ ከነጉልላቱ ሲከፈት የካፒታልን ጥናት የሚያካሂደው እዚያ ነበር። አስጎብኚዎች ማርክስ የተቀመጠባት ወንበር ይህች ናት እያሉ ማሳየታቸው ለእንግዳ ደስታ ካልሆነ ማስረጃ የለውም፤ በአዳራሹ ወንበር ለአንድ አንባቢ አይጠበቅምና። በ1902 ደግሞ ሌኒን ያኮብ ሪክተር በሚል ስም ፈቃድ ጠየቀ። ምስክር የሆነለት የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ጸሐፊ ነበር፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ በአድራሻ ምክንያት ተመልሶ ሁለተኛ መጻፍ አስፈልጎ ነበር። እሳት፣ ብርሃን፣ ወንበርና የዓለም መጻሕፍት በነጻ የሚገኙበት ቤት ለስደተኛ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የተሰደደ ያውቀዋል።

ናሽናል ጋለሪ የተጀመረው በ1824 መንግሥት ጆን ጁልየስ አንገርስታይን ከተባለ ባለ ሀብት ስብስብ 38 ሥዕሎች በ57 ሺሕ ፓውንድ ሲገዛ ነው። በ1838 ትራፋልጋር አደባባይ ላይ አዲስ ሕንጻ ተሠራለት። ቦታው የተመረጠው በምዕራብ የሚኖሩት ባለ ሠረገላዎችም፣ በምሥራቅ የሚኖሩት እግረኞችም እኩል እንዲደርሱበት ታስቦ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቅሬታ ተነሣ። የድንጋይ ከሰሉ ጢስ ሥዕሎቹን አጠቆራቸው፤ የጎብኚው ብዛት፣ ልብሱና ትንፋሹ ጎዳቸው፤ ስለዚህ ጋለሪው ከከተማው መካከል ወጥቶ ንጹሕ አየር ወዳለበት ይሂድ ተባለ። አንዳንድ ድሆች ወደዚያ የሚገቡት ከዝናብ ለመጠለልና ምሳቸውን ለመብላት እንደሆነ በምርመራ ወቅት በምሬት የመሰከሩም ነበሩ። በዝናብ ቀን ከራፋኤል ሥዕል ሥር ዳቦ መብላት ምን ነውር እንዳለበት አልገለጹም። በ1857 ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ጋለሪው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ወሰነ። ሥዕል ተጠብቆ የሚቆየው እንዲታይ ነው የሚሉት ወገኖች ረቱ።

በዚያው በ1857 ሄንሪ ኮል የሳውዝ ኬንሲንግተንን ሙዚየም ከፈተ፤ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ነው። መሬቱ የተገዛው በ1851ዱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ትርፍ ነበር። ኮል አንድ ቀላል ነገር ተረድቷል፦ ሠራተኛው ቀን ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ በጋዝ መብራት ማታ ማታ ከፈተለት። በሳምንት ሦስት ቀን መግቢያው ነጻ ሆነ፤ በቀሩት ቀናት ስድስት ፔንስ ይከፈላል። የእሑድ ነገር ግን ለብዙ ዘመን አልተፈታም። እሑድ ሠራተኛው የሚያርፍባት ብቸኛ ቀን ነበረች፤ መጠጥ ቤቱ በተፈቀደለት ሰዓት ሲከፈት ቤተ መዘክሩ ሰንበት ይከበር በሚል ምክንያት ተዘግቶ ይውላል። በ1855 የተቋቋመው ብሔራዊ የእሑድ ማኅበር አርባ ዓመት ሙሉ ሲታገል ቆይቶ ፓርላማው የእሑድን መከፈት የፈቀደው በ1896 ነው።

ወደ መናፈሻዎቹ ስንመለስ፣ ሃይድ ፓርክ የንጉሥ አደን ቦታ ነበር። ቀዳማዊ ቻርልስ በ1637 ለሕዝብ ከፈተው፤ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ የከበርቴው ፈረስና ሠረገላ መታያ ሆኖ ቆየ። በምሥራቅ ለንደን የነበረው ወዛደር እንዲህ ያለ መናፈሻም አልነበረውም። በ1840 ሠላሳ ሺሕ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀረበ፤ ቪክቶሪያ ፓርክም በ1845 ተከፈተ። በሽታ ከድሆች ሠፈር ተነሥቶ የባለጸጋውን ደጅ እንዳያንኳኳ የነበረው ሥጋት ለአቤቱታው መሰማት እንደረዳ አያጠራጥርም።

ጁላይ 23 ቀን 1866 የተሐድሶ ሊግ የሠራተኛውን የምርጫ መብት ለመጠየቅ በሃይድ ፓርክ ስብሰባ ጠራ። መንግሥት ከለከለ፤ የፖሊስ አዛዡ ሪቻርድ ሜይን በሮቹን አስቆለፈ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ኤድመንድ ቢልስ ማርብል አርች በር ላይ ደርሶ ሲከለከል፣ ጠብ ሳይፈልግ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ትራፋልጋር አደባባይ አመራ። ከኋላ የቀረው ሕዝብ ግን የብረት አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አጥሩ ሲነካ ተወዛወዘ። ያረጀ ነበር። ሰዎቹ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነቀነቁት፤ ተገንድሶ ወደቀ፤ ሕዝቡም እንደ ጎርፍ ገባ። ሜይን በድንጋይ ተመትቶ ደማ፤ ሁከቱም ለቀናት ቀጠለ። በማግሥቱ ዓመት ሜይ 6 ቀን ሊጉ እንደገና ስብሰባ ጠራ። መንግሥት እንደገና ከለከለ፤ ወታደርና ፖሊስ በብዛት አሰለፈ፤ ሕዝቡ ግን ገብቶ ተሰበሰበ፤ የነካውም አልነበረም። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ስፔንሰር ዋልፖል ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት በኦገስት ብዙ የከተማ ሠራተኞች የመምረጥ መብት አገኙ። በ1872 የወጣው የመናፈሻዎች ሕግ በፓርኩ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን የመናገርን ልማድ በደንብ ሥር አስገባው፤ ዛሬ የተናጋሪዎች ማዕዘን ይባላል። ያ ስፍራ እስከ 1783 ድረስ ሰው በአደባባይ ይሰቀልበት ከነበረው ከታይበርን ብዙ አይርቅም።

በምሥራቁ በቪክቶሪያ ፓርክም የመናገር ልማድ ነበረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የምሥራቅ ለንደንን ሴት ሠራተኞች ያደራጀችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት እዚያ ተናግራለች። በ1936 ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ መሥርታ የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ የተዋጋችው፣ በ1960 በአዲስ አበባ አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው ሲልቪያ ይህችው ናት።

የተከፈተ በር ሁሉ ተከፍቶ አይቀርም። በሂዝ መንግሥት ጊዜ የኪነ ጥበባት ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ኤክልስ ያመነጨው የመግቢያ ክፍያ በጃንዋሪ 1974 ሥራ ላይ ዋለ። ብሪቲሽ ሙዚየም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብኚዎችን አስከፈለ። መንግሥቱ በምርጫ ወደቀና ሦስት ወር ሳይሞላ ክፍያው ተሻረ። በሰማንያዎቹ ግን የመንግሥት ድጎማ ሲቀንስ ነገሩ ተመልሶ መጣ፤ ቪክቶሪያና አልበርት በ1985 በፈቃደኝነት የሚሰጥ መዋጮ ጀመረ፤ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ1987 ክፍያ ጣለ። ብሪቲሽ ሙዚየምና ናሽናል ጋለሪ ግን አልተከተሏቸውም። ይህም ዋጋ አስከፈላቸው፤ የማያስከፍል ቤተ መዘክር እንደ ንግድ ድርጅት ስለማይቆጠር በዕቃና በአገልግሎት ላይ የከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ አይችልም ነበር። ይህ ሕግ ከተሻሻለ በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን 2001 ክፍያው በብሔራዊ ቤተ መዘክሮቹ ሁሉ ተነሣ። ቀድሞ ያስከፍሉ በነበሩት ዘንድ የጎብኚው ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልዩ ትርዒቶች ግን ዛሬም በክፍያ ናቸው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላም ጉዳይ አለ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ። ወታደሩ የዘረፈው በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሲሸጥ ለሙዚየሙ የሚሆነውን እየመረጠ የገዛው እርሱ ነው። ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በጎንደር ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የተሰጠው የወርቅ ዘውድ በቪክቶሪያና አልበርት ተቀምጧል። በ1871 ግላድስቶን እንኳ በፓርላማ ቆሞ እነዚህ ቅርሶች ከአገራቸው መወሰዳቸው እንደሚያሳዝነው ተናግሯል። የሲልቪያ ልጅ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት፣ በ2017 እስኪያርፍ ድረስ የተዘረፈውን እየመዘገበ እንዲመለስ ሲሟገት ኖረ። ኢትዮጵያ በ2007 ይፋ ጥያቄ አቀረበች። በ2018 ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ቅርሶቹን በነጻ ሲያሳይ ዳይሬክተሩ ያቀረበው ሐሳብ የረጅም ጊዜ ብድር ነበር፤ የራስን ንብረት መበደር ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። ብሪቲሽ ሙዚየም በበኩሉ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ የሚከለክለውን የ1963ቱን አዋጅ ይጠቅሳል። የወጣቱ ልዑል አባት የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ጉንጉኖች ግን በ2019 ከብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

በብሪቲሽ ሙዚየም አሥራ አንድ ታቦታት አሉ። ለጎብኚ አይታዩም፤ ተመራማሪም አይቀርባቸውም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ካልሆኑ በቀር የሚገባ በሌለበት የተዘጋ ክፍል ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ከዚያ ክፍል ውጭ ያሉት አዳራሾች በየዕለቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ለማንም ክፍት ናቸው።