የአድለር መኪና ምትክ ላሜራ

ፍራንክፈርት አም ማይን ውስጥ ይመረት ለነበረው አድለር መኪና ዕድሳት የሚፈለግ ፓራፋንጎ፣ በር፣ ኮፈንና የመሳሰለው። አድለር መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሞተር ብስክሌትና የጽሕፈት መኪና ዞረ። የበርካታ ሞዴሎቹን የብረት አካል ይሠራ የነበረው የበርሊኑ አምቢ ባድ ኩባንያ ነው። መኪናው መመረት ካቆመ ብዙ ዘመን ስላለፈ አዲስ ላሜራ ብርቅ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ከሌላ አሮጌ አድለር ያስፈታል፣ አለዚያም በእጅ ያስቀጠቅጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በፍራንክፈርት ፌቸንሃይም ሠፈር፣ በቀድሞ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የተከፈተው ክላሲክሽታት የተባለ ማዕከል የአሮጌ መኪና ጥገና ቤቶችን በአንድ ግቢ ሰብስቧል።

ከማግኘት ይልቅ ማስገጠም ይከብዳል። በሩ በማጠፊያው ታስሮ፣ ተዘግቶና ተከፍቶ፣ በዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑ ሳይረጋገጥ ፓራፋንጎው መበየድ የለበትም። ያልገጠመን ላሜራ በወፍራም ስቱኮ መደበቅ መኪናውን መጉዳት ነው፤ ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱም ከሥር ይቀጥላል።