ኩበትና ካሣ፦ የመዲናይቱ ዙሪያ አፈር አጭር ታሪክ

ስለ ድርቅ ስንጽፍ ዘወትር የምንቆጥረው የሞተውን ሰው፣ ያለቀውን ከብትና ከውጭ የመጣውን የእርዳታ ስንዴ ነው። አፈሩን የሚቆጥር የለም። ዝናብ ሲመለስ «ድርቁ አለፈ» እንላለን፤ ገበሬው ግን በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ድርቅ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የአፈሩ ረኀብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የዚህን ሁለተኛ ድርቅ ታሪክ ሲሆን፣ የምመለከተውም ሩቅ አገር ሳይሆን መዲናችንን የከበቡትን የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ማሳ ነው።

ከክፉ ቀን እንጀምር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው በዚያ ዘመን፣ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ፤ ከመቶ ዘጠናው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። በሬ ስለ ጠፋም ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር አርአያ እንደ ሆኑ ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። ብዙዎቻችን ይህን የምንጠቅሰው የንጉሡን ትሕትና ለማወደስ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አነብበታለሁ። ከብት ሲያልቅ የጠፋው የእርሻ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ፍግም ጠፍቷል። ዶማ የበሬን ጉልበት በጥቂቱ ይተካ ይሆናል፤ ፍግን ግን አይተካም። ፍግ ያጣ አፈር ደግሞ ውኃ የመያዝ ዐቅሙ ይደክማል፤ ስለዚህ ቀጣዩ የዝናብ እጥረት ትንሽ ቢሆን እንኳ ጉዳቱ ትልቅ ይሆናል። አንዱ ድርቅ ሌላውን የሚያበረታው እንዲህ ነው።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በበኩሏ የዙሪያዋን ደን በጥቂት ዓመታት ጨረሰች። በ1880ዎቹ ማብቂያ ግድም የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ባለችበት ቢያጸናትም የማገዶው ጥያቄ አላበቃም። በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ የተጓዘ ሰው የኩበቱን ክምር ያውቀዋል። ያ ኩበት ምንድን ነው? ወደ ማሳው ሊመለስ ይገባው የነበረ የአፈር ምግብ ነው። ከተማው እህሉን በላ፣ ኩበቱን አነደደ፣ ገለባውን ገዛ፤ ለማሳው የመለሰለት ግን እምብዛም ነው። በገበሬው አልፈርድም። በድርቅ ማግሥት ዘሩን በልቶ ለጨረሰ ቤተሰብ ኩበት የዕለት ገንዘብ ነው።

መድኃኒቱ ጠፍቶም አልነበረም። በደጋው ገብስን ከባቄላና ከአተር ጋር ማፈራረቅ፣ ከሰበታ ወደ በቾ በሚዘልቀው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ በተነሣበት ሽምብራና ጓያ መዝራት፣ የደከመ መሬትን ማሳረፍ የቆየ ልማድ ነው። ድርቅ ግን ይህን ሥርዓት ያፋልሰዋል፤ የተራበ ሰው መሬቱን ለማሳረፍ ጊዜ የለውም።

ከዚያ ዳፕና ዩሪያ መጡ። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ነጻ ቢያወጣውም፣ ዘግየት ብሎ የማዳበሪያ ዕዳ ሌላ ጌታ ሆነበት። በ1994 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ወደቀ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለ። በዱቤ ማዳበሪያ ከወሰዱት መካከል ዕዳቸውን ለመክፈል በሬያቸውን የሸጡ ነበሩ። በሬው ሲሸጥ ፍጉም አብሮ ተሸጠ። በክፉ ቀን በሽታ ያደረገውን በእኛ ዘመን ዕዳ አደረገው ማለት ነው።

ማዳበሪያውም ቢሆን ብቻውን አያድንም። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በሆለታና በአካባቢው ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ፎስፈረሱን ይዞ ለሰብሉ ይከለክለዋል። መፍትሔው ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር በኩንታሎች የሚበተን፣ ወጪው ዛሬ ወጥቶ ጥቅሙ በዓመታት የሚለቀም ነገር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ማሳው የእርሱ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ ስለ ምን ኖራ ይበትናል? ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከዚያ በፊትም ማሳው ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ሲቆረስ ኖሯል። በዐዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት እስከ ወዲያኛው ለሚነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው ባለፉት 5 ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ከአምስቱ አንዱ የድርቅ ዓመት ከሆነ ካሣውም አብሮ ይደርቅ ነበር። ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ካለፉት 3 ዓመታት ወደ ከፍተኛው ገቢ፣ ብዜቱንም ወደ 15 ከፍ ማድረጉ መልካም ነው። ነገር ግን ካሣ የመነቀል ዋጋ እንጂ የመቆየት ዋስትና አይደለም።

የአፈር ለምነት ጉዳይ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ለሚቀረው ማሳ የማይነቃነቅ ዋስትና፣ በድርቅ ዓመት የሚታገሥ ብድር፣ ኩበትን ከምድጃ የሚያስቀር ማገዶ፤ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው። ከ130 ዓመታት በላይ የዚህን አፈር ፍሬ የበላን የከተማ ሰዎችም ውሳኔውን የመጠየቅ ግዴታ አለብን።