ድንኳን ያልተተከለበት ሐዘን፦ ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ውስጥ

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ ከሚገኘው ማኅበረ ምዕመናን አገልግሎታቸውን ፈጽመው ሲወጡ የደርግ ሰዎች ያዟቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አብረው ነበሩ። ባልና ሚስቱን በተለያየ መኪና ጫኗቸው። ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይን ግን ከከተማ አውጥተው በጨለማ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎቻችን የሚከተሉት የመጀመሪያውን መኪና ነው። አይፈረድባቸውም። የሰማዕቱ ጽሑፎች በእጃችን አሉ፤ በየሴሚናሪው ይነበባሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራባቸዋል። ይህ ጽሑፍ ግን ሁለተኛውን መኪና ይከተላል። ወይዘሮ ፀሐይ በታሪካችን የሚታወሱት «የሰማዕቱ ባለቤት» ተብለው ነው። ስሙ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የእርሳቸው ምስክርነት ከባላቸው ምስክርነት የተለየ፣ ከዘመን ርዝመት አንጻር ደግሞ እጅግ የከበደ ነበርና።

ወይዘሮ ፀሐይ የወለጋ ልጅ ናቸው። ልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። ጉዲና ቱምሳ ነቀምቴ በስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ሆነው ሠርተዋል፤ ኋላም በ1950 ዓ.ም. ቅስና ተቀብለው በዚያው አካባቢ አገልግለዋል። ከዚያ በሚኒሶታ ሉተር ሴሚናሪ ሦስት ዓመት ተማሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ሲመለሱም የዋና ጸሐፊነቱ ኃላፊነት ጠበቃቸው። ይህን ሁሉ የምናውቀው በቀንና በዓመት ነው። በእነዚሁ ዓመታት በቤት ውስጥ የተሠራውን ግን በቀን ልንቆጥረው አንችልም። አንባቢዬ የአገልጋይ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል፦ እንግዳ የማይጠፋበት፣ ከገጠር የመጣ ወንጌላዊ የሚያድርበት፣ የዘመድ ልጅ ለትምህርት የሚቀመጥበት፣ ደመወዙ ወር የማይደርስበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለ አንዲት ሴት ጉልበት አይቆምም፤ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍረው ግን የሰብሳቢው ስም ነው።

ይህ ልማድ በወይዘሮ ፀሐይ አልተጀመረም። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወንጌል የተዘራበትን ዘመን ብናነሣ መጀመሪያ የምንጠራው አናሲሞስ ነሲብን ነው። ከእርሱ ጋር በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ሆና የሠራችው አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ የወጣች ወጣት ነበረች። የኦሮምኛ ቋንቋ ዕውቀቷ ባይኖር ኖሮ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያን ያህል የጠራ ቋንቋ ባልኖረው ነበር። በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው ማንበቢያ የተሰበሰቡትን ተረቶችና እንቆቅልሾችም በብዛት ያቀረበችው እርሷ ናት። ወደ ወለጋ ከተመለሰች በኋላም ስታስተምር ኖረች። ስሟን አሁን አሁን እየጠራን ነው፤ ደግ ነው፤ ግን ብዙ ዘግይተናል።

ወደ 1971 ዓ.ም. እንመለስ። ቄስ ጉዲና ከዚያች ቅዳሜ በፊት ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈትተዋል። ከአገር ለመውጣት ዕድሉ ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ይህን ውሳኔ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ውሳኔ አድርገን እንሰብከዋለን። ነገር ግን ባል ልሙት ብሎ ሲቀር ሚስትም ዋጋውን ለመክፈል አብራ ቀርታለች። ልጆቹም እንዲሁ።

ከዚያ የመጣው በእኛ ባህል ስም የለሽ የሆነ ሐዘን ነው። ሬሳ የለም፤ መርዶ ነጋሪ አልመጣም። ሞቱ ካልተነገረ ድንኳን አይተከልም፤ ለቀስተኛ አይመጣም፤ ዕድር አይንቀሳቀስም፤ መጽናኛ ቃል የሚያካፍል ወንጌላዊም ምን ብሎ ያጽናና? መንግሥት ሰውየው እኔ ዘንድ የሉም ሲል ከረመ። ሚስት መበለት ናት ወይስ አይደለችም? በዚያ ዘመን ስንቅ ያመላለሰ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ከወህኒው በር «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ሲባል የሚሰማውን ዝምታም ያውቃል። ወይዘሮ ፀሐይ ግን ይህችን ቃል እንኳ የሚነግራቸው አላገኙም። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በ1972 ዓ.ም. አጋማሽ ተራው የእርሳቸው ሆነ። በዚያን ጊዜ ከታሰሩት ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች ጋር ተያዙ። በምርመራ የደረሰባቸውን ስቃይ በዝርዝር መጻፍ አልፈልግም፤ ታስረው ተሰቅለዋል፣ ተገርፈዋል፣ አካላቸው ተጎድቷል ማለት ይበቃል። ክስ አልተመሠረተባቸውም፤ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ከምርመራው በኋላ ወደ ማዕከላዊው ወህኒ፣ ሕዝቡ ከርቸሌ ወደሚለው፣ ተላለፉ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው በዚያ ግቢ ላይ ነው፤ በዚያ የሚያልፍ የሴሚናሪ ተማሪ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለእርሳቸውና አብረዋቸው ለታሰሩት ሴቶች ዓመታት ሙሉ ሲጮህ ቆየ። ከነዚህ አንዷ የኦሮምኛ ጋዜጣ የ«በሪሳ» ጋዜጠኛ ማርታ ኩምሳ ነበረች፤ እርሷም እስረኞች እስረኞችን በሚያስተምሩበት የወህኒው ትምህርት ቤት አስተምራለች።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ፣ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት አይነጣጠሉም ያለው፣ የቄስ ጉዲና አሻራ አለበት። ሰው ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ሥጋም ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ለሙሉው ሰው ተልካለች የሚል ነው ጭብጡ። ደብዳቤውን በክፍል ውስጥ ስናስተምር እንደ ሐሳብ እናስተምረዋለን። በእኔ ግምት ግን የዚህ ትምህርት እውነተኛ ፈተና የተካሄደው በጉባኤ ሳይሆን በወህኒ ነው። የተሰበረ አካል ይዞ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ያህል መጸለይ፣ ከጎን ያለችውን እስረኛ ማጽናናት፣ ጥላቻ ልብን ሳይበላ መውጣት፦ «ሙሉ ሰው» የሚለው ቃል እዚያ ሥጋ ለበሰ። ቄስ ጉዲና ስለ መከራ ጻፉ፤ አንዲት ሌሊትም ከፈሉበት። ወይዘሮ ፀሐይ ብዙ አልጻፉም፤ የከፈሉት ግን በቀን ሲቆጠር ከሦስት ሺህ በላይ ነው።

በዚያው ዘመን ከእርሳቸው ቀድመው ለአምስት ዓመት ያህል የታሰሩ ሌላ ክርስቲያን እናትም ነበሩ፤ የቀድሞው የአዲስ አበባ ከንቲባ የኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ ባለቤት፣ ነርሷ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ። በ1973 ዓ.ም. ገደማ ሲፈቱ ባላቸው ገና በእስር ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ጀምበር ከመርካቶ ጥግ በተክለ ሃይማኖት በችግረኞች ሠፈር መሥራት ጀመሩ፤ ቤት ማደስ፣ መጸዳጃና የውኃ ቦኖ፣ ጤናና የሴቶች ሥራ አንድ ላይ የሚያይ የከተማ ልማት ሥራም መሠረቱ። የመካነ ኢየሱስ ሰው አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን በ1964ቱ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ ማብራሪያ ይመስላል። እነዚህን ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያጠና ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ወይዘሮ ፀሐይ በ1982 ዓ.ም. መባቻ ተፈቱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና አጽም በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኝቶ በክብር ተቀበረ። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው በወጉ የተለቀሰው። በዚያው ዘመን በልጃቸው በሌንሳ ጉዲና አማካይነት የጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በፈንታሌ ከከረዩ አርብቶ አደሮች ጋር በትምህርትና በልማት ሠርቷል። የወይዘሮ ፀሐይን ታሪክ ኖርዌጃዊቷ አውድ ሴቨሮስ ጽፋው በ1993 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ወጣ። የአንዲት የወለጋ እናት ምስክርነት ከአማርኛ አንባቢ ይልቅ ለጀርመን ምዕመናን መቅረቡን ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል። ቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች በቅስና እንዲያገለግሉ የወሰነችው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ በኩሬ ዳባ የተቀቡትም በ1992 ዓ.ም.። ወይዘሮ ፀሐይ ይህን ለማየት ደርሰዋል። ያረፉት በ2007 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። መጋቢ ሁሉ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያዘጋጃል ወይም ያርማል። የእናቶች ሲሆን ቃላቱ የታወቁ ናቸው፦ ትዳሯን አክባሪ፣ ልጆቿን በእግዚአብሔር ፍርሃት ያሳደገች፣ እንግዳ ተቀባይ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረች፣ ለተቸገረ የደረሰች። ሐሰት የለበትም። ግን ሟቿን ከሌላዋ ሟች የሚለይ ነገርም የለበትም። መርካቶ ውስጥ ቀን በርበሬ ተራ ወይም ሸማ ተራ ስትነግድ ውላ ማታ የጸሎት ኅብረት በቤቷ ታስተናግድ የነበረች፣ በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ በሯን ያልዘጋች ሴት፣ ስትሞት «ደግ እናት» ተብላ ብቻ ትቀበራለች። ያ ቤት የት እንደነበረ፣ ስንት ሰው እንደሚገባበት፣ ለጎረቤትና ለቀበሌ ምን ይባል እንደነበረ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ይሁን በሙሉ ድምፅ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ የት ይደበቅ እንደነበረ ማንም አልመዘገበም።

ለዚህ የታሪክ ትምህርት ክፍል የሴሚስተር ሥራ ቢሰጥበት እመክራለሁ። በአዲስ ከተማ፣ በልደታና በኮልፌ አጥቢያዎች ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናቶች በየሰንበቱ በፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ። ተማሪው ሂድና ጠይቅ ቢባል የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ እማማ፣ በዚያ ዘመን ለማን ስንቅ አመላለሱ? በየትኛው ወህኒ? ከርቸሌ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ከማን ጋር ነበሩ? ልጆቹን ማን ያዘልዎት? ቤቱ ሲፈተሽ ምን አገኙ? ደግሞስ አብረዎት ከነበሩት ሴቶች ማን ማን በሕይወት አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ ቶሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።