ገዥና መሬት ለኪ፤ ከሰርዴስ እስከ ብቸናና ሞጣ

በመጽሐፈ አስቴር እንደ ተጻፈው፣ የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮችን ይገዛ ነበር። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ፣ ቀደም ብሎ የነገሠው ዳርዮስ ቀዳማዊ (522-486 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ግዛቱን በ20 ክፍል መድቦ፣ በየክፍሉ ሳትራፕ የሚባል አገረ ገዥ እንደ ሾመና ግብሩን እንደ ወሰነ ይተርካል። ሳትራፑ ግብር ይሰበስባል፤ ይፈርዳል፤ ጸጥታ ያስከብራል። ከቤተ መንግሥት የራቀ ሹም ራሱን እንደ ንጉሥ እንዳይቆጥር ግን የንጉሥ ጸሐፊና ድንገት የሚደርሱ ተቆጣጣሪዎች ይጠብቁት ነበር።

ከእነዚህ ገዥዎች መካከል ለመሐንዲስ ይልቁንም የሚታወሰው፣ በሰርዴስ ተቀምጦ የነበረው የዳርዮስ ወንድም አርታፌርኔስ ነው። በግዛቱ የሚኖሩት የኢዮንያ ግሪኮች በ499 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዐምፀው በ493 ድል ከሆኑ በኋላ፣ አርታፌርኔስ የከተሞቹን መልእክተኞች ጠርቶ ጠባቸውን በዳኝነት እንዲጨርሱ አስማማቸው። ቀጥሎም መሬታቸውን በፓራሳንግ፣ ማለት 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሚሆን የፋርስ መለኪያ፣ አስለክቶ በልኩ መጠን ግብር ደለደለ። የግብሩ መጠን ከቀድሞው እምብዛም ባለመለወጡ ድልድሉ እስከ ሄሮዶቱስ ዘመን ጸንቶ ቆየ።

በአገራችንም ተመሳሳይ ፈተና ደርሷል። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ፣ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎች በደመወዝ የሚያገለግሉ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሹማምንት ሆኑ፤ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ታዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በአንድ ጋሻ ለም 15፣ ለም ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር ወሰነ። ይሁን እንጂ ጋሻ ማለት የተለካ መሬት ነው፤ የጎጃም ርስት ግን በትውልድ ቈጠራ እንጂ በቃላድ የሚታወቅ አልነበረም። ስለዚህ ለጎጃም ልዩ አሠራር ተፈቀደለት፤ መሬቱም ሳይለካ ቀረ።

ገበሬው ቃላድን የሚፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በደቡብ ቃላድ በተጣለበት አገር ሲሶው ለባላባት ቀርቶ የተረፈው ለመንግሥት፣ ለሹምና ለወታደር መከፋፈሉ፣ ብዙ ባለአገርም ጭሰኛ መሆኑ ተሰምቷል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ገጠር ሲላኩ፣ ግምቱ የልኬት መንገድ ጠራጊ፣ ልኬቱም የርስት መንጠቂያ ተደርጎ ታየ። ብቸናና ሞጣ ከዐመፁ ዋና ማዕከሎች ሆኑ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቈ ሥላሴ በሕዝብ ዘንድ እምነት ያጡ ስለ ነበሩ፣ የዐዋጁ ጉዳይና የገዥው ጉዳይ አንድ ላይ ተቋጠረ። የጦር ሠራዊትም ተላከ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ።

በመጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተሾሙ፤ ሠራዊቱም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 ንጉሠ ነገሥቱ ከ1950 ጀምሮ የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። መንግሥቱ በጎጃም አዲሱን ግብር ለማስገባት ያደረገው ሙከራ በዚሁ አበቃ።

ሁለቱን ታሪኮች ስናነጻጽር፣ አርታፌርኔስ በድል አድራጊነቱ የሚያስፈራ ገዥ እንደ ነበረ አይዘነጋም። ሆኖም ከልኬቱ በፊት ባለጉዳዮቹን ጠርቷል፤ ከልኬቱም በኋላ ሸክም አላበዛም። በብቸናና በሞጣ ግን ገማቹ የመጣው መተማመን ሳይቀድም ነበር። ገበሬው የተጠራጠረው የገመዱን ርዝመት ሳይሆን ገመዱን የያዘውን እጅ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀና የቀድሞው የርስትና የጭሰኝነት ሥርዓት ቀረ። በ1990ዎቹ በአማራ ክልል ምዝገባ ሲጀመር ደግሞ፣ ነዋሪው የመረጣቸው ኮሚቴዎች ወሰኑን በጎረቤት ምስክርነት እያረጋገጡ መዘገቡ፤ ገበሬውም የይዞታ ደብተር በእጁ ተቀበለ። ልኬት ለገዥው ግብር ብቻ ሳይሆን ለባለይዞታውም ማስረጃ ሲሆን፣ ባለይዞታው ራሱ ወሰኑን ለማሳየት ከለኪው ፊት ይቀድማል። ካርታ የሚያነሣ ባለሙያ መሣሪያውን ከማቆሙ በፊት፣ ልኩ ለማን እንደሚጠቅም ለባለመሬቱ ማስረዳት ከሥራው የማይነጠል መሆኑን ብቸናና ሞጣ አስተምረዋል።