በዓለት ላይ የሚሞተው ኢላንድ

የአዳኝ ሕዝብ የሳለው አውሬ ሲታይ ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው ቀስትና ሥጋ ነው። በደቡብ አፍሪካ የድራከንስበርግ ተራሮች ሳን የተባሉት ሕዝቦች በዓለት ላይ የተዉአቸውን ሥዕሎች ያዩ ነጮች ለብዙ ዘመን ያመኑት ይህንኑ ነበር። የሆድ ነገር ከሆነ ታዲያ፣ ከሚያድኗቸው እንስሳት ብዙዎቹን ትተው ኢላንድን ደጋግመው መሳላቸው ለምን ይሆን? (ኢላንድ ከአጋዘን ወገን እጅግ ግዙፍ የሆነ እንስሳ ነው፤ በእኛም አገር በኦሞና በማጎ ይገኛል።)

ካምበርግ አጠገብ ጌም ፓስ በተባለው ዋሻ አንድ ኢላንድ ይሞታል። አንገቱን ደፍቷል፤ የኋላ እግሮቹ ተጠላልፈዋል። ጭራውን የያዘው ሰውም እግሮቹን እንደዚያው አጠላልፏል፤ የእግሩ ጫፍ ደግሞ ሰኮና ነው።

የዚህን ፍች ለመፈለግ የረዳው ቃል በከፊል የተገኘው ከእስረኞች አፍ ነው። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ዊልሄልም ብሊክና የሚስቱ እህት ሉሲ ሎይድ እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ ኬፕታውን ውስጥ የካም ጎሣ እስረኞችን ቤታቸው አስቀምጠው ከ12 ሺህ ገጽ በላይ ትረካ ጻፉ። ከተራኪዎቹ አንዱ፣ ካቦ የተባለው አዛውንት፣ በከብት ሌብነት የተፈረደበት ነበር። በትረካዎቹ መሠረት ካገን የተባለው ፈጣሪ ኢላንድን ከጫማ ሠርቶ፣ ገላውን ማር እየቀባ አሳደገው። የገዛ ዘመዶቹ ገደሉበት። የካም አገር ከድራከንስበርግ እጅግ ይርቃል፤ ነገር ግን በ1873 ቺንግ የተባለ የማሎቲ ተራሮች ወጣት አዳኝ ለጆሴፍ ኦርፔን ሥዕሎቹን ሲያስረዳ እሱም የካገንንና የኢላንዱን ታሪክ ተረከ።

ተመራማሪው ዴቪድ ልዊስ-ዊልያምስ እነዚህን ቃሎች ከሥዕሎቹ ጋር አስተያየ። እንደሱ አባባል የሳን ፈዋሽ በጭፈራ ተውጦ፣ ተንቀጥቅጦና ነስሮ ሲወድቅ "ሞተ" ይባላል፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ከኢላንዱ ነው። ስለዚህ ባለሰኮናው ሰው አዳኝ ሳይሆን ከእንስሳው ጋር አብሮ የሚሞት ፈዋሽ ነው። ፈዋሽ ሳይሆን የሙታን መንፈስ ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ። ክርክሩ ይቀጥል፤ ለእኔ ግን እነዚያ የተጠላለፉ እግሮች ብቻ "ይህ ስለ ሥጋ ነው" የሚለውን አባባል ለማፍረስ ይበቃሉ።

የካም ሰዎች ግን በሰፋሪዎች ጥይትና በረሃብ አለቁ፤ የተረፉትም ቋንቋቸውን ጣሉ። ደቡብ አፍሪካ በ2000 አዲስ የመንግሥት ዓርማ ስታወጣ ከዓለት ሥዕል የተወሰዱ ሁለት ሰዎችን አስገባች፤ መፈክሩንም በካም ቋንቋ ጻፈች። በዚያን ጊዜ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው በሕይወት አልነበረም።