ሌባ ሻይና አነፍናፊው ውሻ

ከተማሪዎቼ መካከል «ሌባ ሻይ» የሚለውን ቃል ከጽሑፍ ላይ ሲያገኙት የሚጠጣ ሻይ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ። አይፈረድባቸውም። «ሻ» ፈለገ ማለት ነው፤ «የሻውን ይበል» ስንል ያለው «ሻ» እሱ ነው። ሌባ ሻይ እንግዲህ ሌባ ፈላጊ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ባለቤቱ ለሹም ያመለክታል፤ ሌባ ሻዩ ይጠራል። ሌባ ሻዩ ብቻውን አይመጣም፤ ገና ያልጎረመሰ ልጅ አስከትሎ ነው። ልጁ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣል፣ ትምባሆ ያጨሳል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ ጌታው ይይዛል። ልጁ ስርቆቱ ከተፈጸመበት ቤት ተነስቶ እየተንገዳገደ፣ እያነፈነፈ ከደጅ ደጅ ይዞራል። መንደርተኛው ትንፋሹን ውጦ ያያል። በመጨረሻ ከአንዱ ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ዘፍ ብሎ ይተኛል። አለቀ! የዚያ መደብ ባለቤት ሌባ ነው፤ የጠፋውን ይክፈል። ምስክር የለ፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለ። ደግሞስ የተኛን ልጅ ምን ብሎ ይጠይቁታል?

በእናቴ ወገን የዳባት ሰዎች ነን። ቅድመ አያቴ ቤት ሌባ ሻይ ተኝቷል። የጠፋችው የአንድ ባላባት በቅሎ ነበረች። ሰውዬው ሁለት በሬ ሸጦ ከፈለ። ክረምቱ ሲወጣ እረኞች የበቅሎዋን አጥንት ከነኮርቻዋ ገደል ውስጥ አገኙት። ገንዘቡ ተመለሰ? አልተመለሰም። «ሌባ ሻይ አይሳሳትም፤ ሌላ ነገር ሰርቆ ኖሮ ነው የተኛበት» ተባለ። አያቴ ይህን ስትነግረኝ የምትናደደው በበሬዎቹ አልነበረም። እሷ ለጋብቻ ስትጠየቅ የባልየው ወገኖች «የሌባ ሻይ ቤት አይደለም ወይ?» ብለው ማጉረምረማቸው ነው እስከ ዕለተ ሞቷ ያልወጣላት።

ራስ ተፈሪ መኮንን በአልጋ ወራሽነት ዘመናቸው (ከ1909 እስከ 1923 ዓ.ም) ካስቀሯቸው ልማዶች አንዱ ይኸው ሌባ ሻይ ነው። ተከላካይ ግን አላጣም ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ረጅም ዘመን የሠራው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አወራው የሚባል ታሪክ አለ። ንጉሡ ሌባ ሻዩን ለመፈተን የእቴጌይቱን ጌጣጌጥ ራሳቸው ደበቁ፤ ልጁም ክፍሉን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ምኒልክ አልጋ ላይ ሄዶ ተኛ ይባላል። እውነት ነው ብለን እንቀበለውና፣ ምን ያረጋግጣል? መልሱን የሚያውቅ ሰው እዚያው ቆሞ ያያል፤ ያውም ንጉሡ! አሽከሩ ሁሉ የንጉሡን ፊት ሲያነብ የሚውል ቤት ውስጥ ገመድ የያዘው ሰውዬ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በርሊን ውስጥ «ብልኁ ሃንስ» የተባለ ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ዊልሄልም ፎን ኦስተን ሒሳብ ይጠይቀዋል፤ ፈረሱ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ምስጢሩን አወጣው። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ ፈረሱም አያውቅም። ለካ ኮቴው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ፈረሱ የሚያነበው ያንን ነው። ማንም አላጭበረበረም።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ልግባ። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን ጎንደር ከተማ የሚያስተምር ልጅ አለ። ተማሪዎች ጫቱን አልፈው ሐሺሽ ጀምረዋል ብሎ አዝኖ አጫወተኝና፣ «መምህር፣ እንደ ፈረንጆቹ አነፍናፊ ውሻ ወደ ትምህርት ቤት ቢመጣ እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ውሻ ዘመድ አያውቅ፣ ጉቦ አይበላ!» አለኝ። እኔም «ሌባ ሻዩ ልጅም ጉቦ አይበላም ነበር» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የውሻ አፍንጫ ተረት አይደለም። የሰው ልጅ አምስት ስድስት ሚሊዮን ያህል የሽታ ተቀባዮች ሲኖሩት ውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ አለው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በአገራችን ፈንጂ ለማምከን ውሾች ሠርተዋል፤ በእነሱ አፍንጫ የተረፈ እግር አለ። ግን ፈንጂ ዘመድም ጎረቤትም የለው። ውሻው ጠቁሞ አፈሩ ተቆፍሮ ባዶ ቢሆን ማንም አያፍርም፣ የማንም ስም አይጠፋም። ከዚያም በላይ ሰውዬው ፈንጂው የት እንዳለ ስለማያውቅ ለውሻው የሚጠቁመው ነገር የለም። ፖሊስ ወጣቶች ተሰልፈው ፊት ለፊቱ ሲያገኝ ግን እንዲህ አይደለም፤ ገና ውሻውን ሳይፈታ ልቡ አንዱ ላይ አርፏል። የዚያ ጸጉሩን ያጎፈረው፣ የዚያች ዓይኗን የሰበረችው...

በ2011 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊሳ ሊት የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ 18 ውሾችን ከነአሰልጣኞቻቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈተኗቸው። ለሰዎቹ የተደበቀ ሽታ እንዳለ፣ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ቦታም ምልክት እንደሆነ ተነገራቸው። እንዲያውም ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረም። ከ144ቱ ፍለጋዎች ያለ አንዳች የሐሰት ጥቆማ ያለፉት 21 ብቻ ናቸው። ጥቆማው ደግሞ ውሻው ማንበብ በማይችለው፣ ሰውዬው ግን በሚያውቀው ቀይ ወረቀት አካባቢ በዛ።

ከቤተ ሙከራ ውጭስ? የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2001 ፖሊስ በውሻ እንዲፈትሽ ሕግ አወጣች። የአቤቱታ ሰሚው መሥሪያ ቤት በ2006 ሲመረምረው ውሻ ጠቁሞባቸው ከተፈተሹት ዕፅ የተገኘባቸው 26 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከአራቱ ሦስቱ በአደባባይ ኪሳቸው ተገልብጦ ባዶ እጃቸውን ሄዱ ማለት ነው። ቺካጎ ዙሪያ ባሉ ከተሞች መኪና እየቆመ የተደረገውን ፍተሻ ቺካጎ ትሪቢዩን በ2011 ሲያሰላው፣ ከጥቆማዎቹ ዕፅ ወይም የዕፅ መጠቀሚያ የተገኘባቸው 44 በመቶ ነበሩ፤ ሾፌሩ የላቲን አሜሪካ ዘር ሲሆን 27 በመቶ። የውሻው አፍንጫ ስለ ዘር ምን ያውቃል? ገመዱን የያዘው ግን ያውቃል። ተከራካሪዎች «ሽታው ቀርቶ ነው፤ ዕፁ ትናንት እዚያ ነበር» ይላሉ። ይሆናል። ለእኔ ግን ነገሩ የዳባቱን «ሌላ ነገር ሰርቆ ኖሮ ነው» ያስታውሰኛል። የማይሳሳት መሣሪያ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ስህተቱ ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ለውሻ ሲፈርድ የልዩነት ሐሳብ የጻፈው ዳኛ ዴቪድ ሱተር፣ የማይሳሳት ውሻ ሕግ ራሱ የፈጠረው ልብ ወለድ ነው ብሎ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ አባባሉን ወድጄዋለሁ።

ትምህርት ቤት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ክፍሉ ተቆልፎ ሁሉም ተማሪ እስኪነፈነፍ ቁጭ በል ሲባል፣ ያ የኛው አውጫጭኝ ነው። አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። ሸዋ አፈርሳታ ይለዋል። አንድ ሰው እስኪገኝ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የሳርኒያን ከተማ ጉዳይ ሲወስን፣ የተለየ ጥርጣሬ ሳይኖር ፖሊስ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማሪዎችን ቦርሳ በውሻ ማስነፈንፉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በኛም አገር የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት መበርበርን በመርህ ከልክሏል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ሰውነትንም ንብረትንም ከብርበራ ይጠብቃል። ደብተር የያዘ ልጅ ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ለጎንደሩ መምህር የነገርኩት የመጨረሻ ታሪክ የኢንዲያና ነው። መጋቢት 1979 እ.ኤ.አ. ሃይላንድ በምትባል ከተማ ወደ 2,780 ተማሪዎች በየክፍላቸው ተቀምጠው በውሻ ተነፈነፉ። ውሻው አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ላይ ቆመ። ኪሷን አራገፈች፤ ምንም የለም። ውሻው ግን አልሄድ አለ። ነርሷ ክፍል ወስደው ልብሷን አስወለቋት፤ አሁንም ምንም የለም። ኋላ እንደታወቀው ልጅቷ ያን ቀን ጠዋት ቤቷ ካለችው ውሻ ጋር ስትጫወት ነበር፤ ውሻዋም ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ነበረች። ፍርድ ቤቱ ልብሷን ማስወለቃቸው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ውሻው ግን አላጠፋም ተባለ፤ ማሽተቱም ፍተሻ አይደለም ተባለ።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እና ክፍል ስትመለስ ጓደኞቿ ምን አሏት?» ብሎ ጠየቀኝ።