የራስ ቅል ምስክርነት፤ ከታውንግ እስከ ዲኪካ

የሰውን ዘር ከጎሪላና ከቺምፓንዚ ወገን የለየው ቀዳሚ ለውጥ የአንጎል መግዘፍ ነውን ወይስ በሁለት እግር ቆሞ መሄድ? ይህ ጥያቄ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአካል ጥናት ሊቃውንትን ክፉኛ ያከራከረ ሲሆን፣ ዋናው የክርክር ማስረጃም የራስ ቅል ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1912 በእንግሊዝ አገር ከፒልትዳውን ተገኘ የተባለው ቅል አናቱ የሰው፣ መንጋጋው የጦጣ ይመስል ስለ ነበር «አንጎል ቀድሟል» ለሚሉት ወገኖች ብርቱ ድጋፍ ሆነ። በ1924 ግን በደቡብ አፍሪካ፣ ታውንግ ከተባለው የኖራ ድንጋይ ማውጫ የተገኘ የሕፃን ቅል በጆሃንስበርግ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ከነበሩት ከሬይመንድ ዳርት እጅ ገባ። እርሳቸውም በ1925 አውስትራሎፒቴከስ አፍሪካኑስ ብለው ሰየሙት።

የዛሬ ጎልማሳ ሰው አንጎል በአማካይ 1,350 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የታውንጉ ሕፃን አንጎል ግን 400 ገደማ በመሆኑ ከቺምፓንዚ ብዙም አይለይም። ሆኖም ክራንቻዎቹ ትናንሽ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበት የቅሉ ቀዳዳ አለ። ይህ ቀዳዳ በጎሪላና በቺምፓንዚ ወደ ኋላ የራቀ ነው፤ በሰው ግን ራስ በቆመ አከርካሪ ላይ ተመዛዝኖ እንዲያርፍ ከቅሉ ሥር ወደ መካከል ይገኛል። በታውንጉ ቅል ወደ ፊት ቀርቦ በመታየቱ ዳርት ፍጡሩ ቆሞ ይሄድ ነበር አሉ።

አርተር ኪዝን የመሳሰሉ ታላላቅ ሊቃውንት ግን ቅሉን ከጎሪላና ከቺምፓንዚ ወገን መደቡት። ተቃውሞው መሠረት የለሽ አልነበረም። የቺምፓንዚ ግልገልም ግንባሩ ክብ፣ ፊቱ አጭር በመሆኑ ከጎልማሳው ይልቅ ሰውን ይመስላልና። ስለዚህ የጎልማሳ ቅል ያስፈልግ ነበር። ሮበርት ብሩም በ1936 በስቴርክፎንቴይን የጎልማሳ ቅሪት፣ በ1947 ደግሞ ሙሉ ለመሆን ጥቂት የቀረው ቅል አገኙ። በዚሁ ዓመት ኪዝ የዳርትን ትክክለኛነት በጽሑፍ አመኑ። በ1953 ደግሞ የፒልትዳውኑ ቅል የሰው አናትና ጥርሱ በሞረድ የተፋቀ የኦራንጉታን መንጋጋ የተጣመሩበት ማጭበርበሪያ መሆኑ ተገለጠ።

የአፋር ምድርም ለዚህ ክርክር የራሱን ምስክርነት ሰጥቷል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በዳሌና በጉልበት አጥንቷ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር ብታስረዳም፣ ከራስ ቅሏ የተረፈው ጥቂት ስብርባሪ ብቻ ነበር። ይህን ጉድለት በ1992 እዚያው ሐዳር የተገኘው የጎልማሳ ቅል ሞላው። በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኘው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሕፃን ቅሪተ አካልም ከታውንጉ ጋር ሕፃንን ከሕፃን ለማነጻጸር አስቻለ። በ2020 የወጣው ጥናት እንዳስረዳው፣ የዚህ ወገን አንጎል አደረጃጀቱ የቺምፓንዚን ሲመስል፣ እድገቱ ግን እንደ ሰው ልጅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድ ነበር።

እንግዲህ መቆም ቀድሟል፤ የአንጎል መግዘፍ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ዘግይቶ መጥቷል። ለዚህ ፍርድ ያበቃንም ግልገልን ከግልገል፣ ጎልማሳን ከጎልማሳ ጋር በትዕግሥት ማመሳከር ነው።